የስልክ ብድር፣ የሱቅ ዱቤና የእቁብ ዕዳ፦ ለሀዋሳ ቤተሰብ ከዕዳ መውጫ መመሪያ

ሀዋሳ ውስጥ ብዙውን ቤት የሚያስጨንቀው አንድ ትልቅ ብድር አይደለም። ሰፈር ሱቅ የ4,000 ብር ዱቤ አለ፤ ስልክ ላይ የ5,000 ብር ብድር አለ፤ እቁቡ ተበልቶ ክፍያው ገና አላለቀም፤ የመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ከደመወዝ ይቆርጣል፤ ለዘመድም "ሲመቸኝ እመልሳለሁ" የተባለ ገንዘብ አለ። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን የሚከፈሉት ከአንድ ደመወዝ፣ ያውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

ክሬዲት ካርድ በብዙ ቤት የለም፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ገንዘብ ብቻ ነው የሚያወጣው። የክሬዲት ካርዱን ቦታ የያዘው ስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ "መላ" የተባለውን ብድርና ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላውን "እንደኪሴ" አመጣ። ሌሎች ባንኮችም ተከትለው በስልክ ማበደር ጀምረዋል። ዋስ አይጠየቅም፣ ወረፋ የለም፣ ገንዘቡ ወዲያው ይገባል። ለድንገተኛ ሕመም ወይም ለተበላሸ ባጃጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለወር አስቤዛ ሲውል ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ምክንያቱን ከታች በቁጥር እናሳያለን።

መጀመሪያ ደብተር

አንድ ባለመስመር ደብተር ያዙና ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። ሁለቱም ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ይውጡ። በ*127# ወይም በመተግበሪያው ገብታችሁ ያልተከፈለ ብድር መኖር አለመኖሩን እዩ፤ የባንክ መተግበሪያዎችንም እንደዚያው። አንዱ ለሌላው ሳይነግር የወሰደው ብድር ካለ የሚገለጠው በዚህ ሰዓት ነው። ጠብ ከተነሣ ደብተሩ ይዘጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ መጻፍ ብቻ ይሁን። ማን ለምን ወሰደ የሚለው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ለእያንዳንዱ ዕዳ አምስት ነገር ጻፉ፦ የማን እንደሆነ፣ ዛሬ ቀሪው ስንት እንደሆነ፣ በወር የሚከፈለውን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ ብድሩ የሚያስከፍለውን ወለድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የተበላ እቁብ ነው። ዕጣው ከወጣላችሁ በኋላ የምትጥሉት ሁሉ ዕዳ ነው፤ በቀሪው ዙር አባዙና ጻፉት። ሁለተኛው የሱቅ ዱቤ ነው፤ ይህ የሚቀጥለው ወር አስቤዛ አስቀድሞ የተበላበት ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ለሌላ ሰው የፈረማችሁት ዋስትና ነው። ዋስትናውን ከድምሩ ውስጥ አታስገቡት፤ ግን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስሙና መጠኑ ይቀመጥ።

አንድ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። የማኅበሩ ተቆራጭ ከወጣ በኋላ በወር 21,000 ብር ይገባል። ዕዳው ይህ ነው፦

የስልክ ብድር 5,000 ብር፣ በ30 ቀን የሚመለስ
የሱቅ ዱቤ 4,200 ብር
የተበላ እቁብ 14,000 ብር (በወር 2,000፣ 7 ዙር ቀርቷል)
የዘመድ ብድር 15,000 ብር፣ ወለድም ቀንም የለውም
የቁጠባና ብድር ማኅበር 40,000 ብር፣ ከደመወዝ የሚቆረጥ

ድምሩ 78,200 ብር ነው። ወጪው ደግሞ ኪራይ 5,500፣ አስቤዛ 8,000 (የሱቁ ዱቤም የሚከፈለው ከዚሁ ነው)፣ ትራንስፖርት 1,800፣ ትምህርት ቤት 1,500፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 700፣ እድር 100፤ በጠቅላላ 17,600። ከ21,000 ላይ 3,400 ይተርፋል፤ እቁቡ 2,000 ሲወስድ 1,400 ብር ይቀራል። ዋናው ቁጥር ይህ 1,400 ነው። 5,000 ብር በ30 ቀን መልስ የሚል ብድር በ1,400 ብር አይዘጋም። ሰው ከፍሎ በዚያው ቀን መልሶ የሚበደረው ስለሚያባክን ሳይሆን ሒሳቡ ስለማይገጥም ነው።

የስልክ ብድር በእርግጥ ስንት ያስከፍላል?

የአገልግሎት ክፍያው እንደ ብድሩ ዓይነትና እንደ ቀኑ ብዛት ይለያያል፤ ከመስማማታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን አንብቡ። ለስሌት ያህል ለ30 ቀን ከመቶ 6 ነው እንበል። 5,000 ትጠይቃላችሁ፣ 300 ተቀንሶ 4,700 እጃችሁ ይገባል፣ የምትመልሱት 5,000 ነው። "ከመቶ 6" ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ከባንክ የዓመት ወለድ ጋር ስለምናነጻጽረው ነው። ይህ ግን የአንድ ወር ነው። በየወሩ ከፍሎ መልሶ የሚበደር ቤት በዓመት 12 ጊዜ 300፣ ማለትም 3,600 ብር ይከፍላል፤ እጁ ላይ የነበረው ደግሞ ያው 4,700 ብር ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅም 5,000ው ዕዳ እንዳለ አለ። ያንኑ 4,700 ብር በዓመት 15 በመቶ ከሚያበድር ማኅበር ወስዶ በ12 ወር እኩል እየከፈለ ቢጨርስ ወለዱ በጠቅላላ ወደ 382 ብር ነበር፤ ዕዳውም ያልቅ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘጋው የስልክ ብድሩ ነው፤ ትንሹ በመሆኑ ሳይሆን ውዱ በመሆኑ። አንድ ጊዜ መዝጋት ካልተቻለ በደረጃ ማውረድ ይቻላል። ሕጉ አንድ ነው፦ መልሳችሁ ስትበደሩ ስልኩ የሚፈቅደውን ሳይሆን የጎደለውን ብቻ ውሰዱ። በምሳሌው ቤት እንዲህ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ወር 5,000 ይከፈላል። 1,400 ከኪስ ስላለ የሚያስፈልገው 3,600 ነው፤ ክፍያው ተቆርጦ 3,600 እንዲደርስ 3,850 ይበደሩ።
በሁለተኛው ወር 3,850 ይከፈላል፤ 2,610 ይበደሩ።
በሦስተኛው ወር 2,610 ይከፈላል፤ 1,300 ይበደሩ።
በአራተኛው ወር 1,300 ከ1,400ው ላይ ይከፈላል፤ አለቀ።

በመንገዱ ላይ የሚወጣው ክፍያ 466 ብር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛው ወር ነው። በሰዓቱ ስለከፈላችሁ ስልኩ የብድር ጣሪያችሁን ከፍ አድርጎ "7,000 መውሰድ ይችላሉ" ሊላችሁ ይችላል። ጣሪያው አበዳሪው ሊያበድር የፈቀደው ነው፤ የእናንተን ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አያውቅም። ቁጥሩን ከደብተሩ አንብባችሁ ጻፉ እንጂ ከስክሪኑ አትውሰዱ።

እንደኪሴና መሰል የጉድለት መሙያዎች ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕዳ ካለባችሁ ወደ ሒሳባችሁ የሚገባውን ገንዘብ መጀመሪያ የሚወስደው እርሱ ነው። ባጃጅ የሚያሽከረክር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ ከመናኸሪያ ፒያሳ ያደረሰው ተሳፋሪ በቴሌብር የላከለት ገንዘብ ገና እንደገባ ለዕዳ ይቆረጣል። ነዳጅ ደግሞ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ስለሆነ ማደያ ደርሶ ሒሳቡ ባዶ ይሆንበታል፤ ለመቅዳት እንደገና ይበደራል። መፍትሔው የጉድለት መሙያውን ዕዳ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ሥራ በበዛበት ቀን ሙሉ በሙሉ መዝጋት፣ የነዳጁን ገንዘብም ዕዳ በሌለበት የባንክ ሒሳብ ላይ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሒሳብ ሳይበቃችሁ "ጉድለቱን እንሙላ" የሚል ምርጫ ከመጣ ክፍያውን አቋርጡ።

ቀኑን አታሳልፉ። የስልክ ብድር ሲዘገይ ቅጣት ይታከልበታል፤ ባንኮችም ስለተበዳሪዎች መረጃ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ያያሉ። ለ2,000 ብር የተበላሸ ስም ከሁለት ዓመት በኋላ ለቤት ወይም ለሥራ ብድር ስትሄዱ ሊጠብቃችሁ ይችላል። በዚሁ ምክንያት በእናንተ ስልክ ቁጥር ለጓደኛ አትበደሩ።

ከባለሱቁ ጋር እንዴት ይነጋገራሉ?

ዱቤ ሲበዛ ብዙ ሰው የሚያደርገው መንገድ መቀየር ነው፤ በሌላ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ይገዛና የድሮውን ባለሱቅ ይሸሻል። ይህ ዕዳውንም ጎረቤትነቱንም ያበላሻል። ባለሱቁ ራሱ ከአከፋፋይ በዱቤ ነው የሚያመጣው፤ የሚጨንቀው መጠኑ ሳይሆን መቼ እንደሚያገኘው አለማወቁ ነው። ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ሂዱና ቁጥርና ቀን ተናገሩ፦

"ጋሼ፣ ደብተሩ ላይ ያለብኝ 4,200 ነው፤ እስኪ አብረን እንየው። ደመወዝ በገባ ማግስት 2,200 እሰጥዎታለሁ፣ የቀረውን 2,000 በሚቀጥለው ወር። እስከዚያ አዲስ ዱቤ አልወስድም፤ ዳቦና ወተት ስገዛ በእጄ ነው የምከፍለው።"

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው ዋናው። ከዚያ በኋላ ዱቤ የሚያስጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ልጅ ተልኮ "ጻፍልኝ" ማለቱ ይቁም። የባለሱቁን ደብተር በየሳምንቱ ቅዳሜ ከራሳችሁ ጋር አመሳክሩ። የተከፈለ ሳይሰረዝ ሲቀር ብዙ ጊዜ ተንኮል አይደለም፤ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ይቀያየራል።

ሁሉንም በአንድ ርካሽ ብድር መተካት

ብዙ ትናንሽ ዕዳ በአንድ ዝቅተኛ ወለድ ባለው ብድር መዝጋት ጥሩ መንገድ ነው፤ በአንድ ሁኔታ፦ የተዘጋው ዳግም ካልተከፈተ። ያለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ አዲሱም አሮጌውም ይኖራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የመሥሪያ ቤት ወይም የቀበሌ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በብዙዎቹ ለተወሰኑ ወራት መቆጠብ ግድ ነው፤ የሚፈቀደውም ብድር በቆጠባችሁት ልክ ተባዝቶ ነው፤ ዋስም ይጠየቃል። ስለዚህ ዕዳ ላይ ብትሆኑም ዛሬ በትንሹ አባል መሆን ይጠቅማል።

ለየትኛውም አበዳሪ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዋና ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ?" 60,000 ብር በ15 በመቶ ለ12 ወር ስትወስዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ከታሰበ ወለዱ 9,000 ነው፤ በቀሪው ላይ ታስቦ ዋናውን በየወሩ እኩል ከከፈላችሁ 4,875 ብር ነው። ሁለቱም "15 በመቶ" ይባላሉ። የአገልግሎት ክፍያ፣ የመድን፣ የግዴታ ቁጠባ ተቆራጭ ካለም ደምሩበት፤ እጃችሁ የሚገባው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠሩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዲስ ተቆራጭ ስትፈርሙ ይህን ወሰን አስቡ፤ እውነቱን ለመናገር ኪራይ ለሚከፍል ቤት አንድ ሦስተኛውም ብዙ ነው።

እቁብ ላይ ዕጣ መግዛት ሌላው አማራጭ ነው። ለባለዕጣው ጥቂት ሺህ ብር ትታችሁ ተራውን ትወስዳላችሁ። ይህም ብድር ነው፤ የምትተዉት ገንዘብ ወለዱ ነው። ስንት ወር እንዳስቀደመላችሁ ቁጠሩ፤ ለሁለት ወር መቅደም 1,500 ብር መተው ውድ ነው፣ ለስምንት ወር ግን የስልክ ብድርን ለመዝጋት ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። በተገዛ ዕጣ ሶፋ አይገዛም።

አራጣ

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን፤ ቤት የሚያፈርሰው ይህ ነውና። በወር 10 በመቶ 20,000 ብር የወሰደ ሰው በየወሩ 2,000 ወለድ ብቻ ሲከፍል በአሥር ወር 20,000 ከፍሎ ዋናው ሳይነካ ይቀራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ አራጣ ማበደር ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ያስቀጣል።

አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን ወረቀት ላይ አያሰፍርም። 20,000 ሰጥቶ 30,000 ተበደርኩ ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋል፤ ወይም ቀኑ ያልተሞላ ቼክ ይይዛል፤ ወይም የቤት ሽያጭ ውል ያስፈርማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። ስለዚህ "እኔ የተቀበልኩት 20,000 ነው" የሚል ምስክር ብትቆጥሩ ከፈረማችሁት ወረቀት አያድናችሁም። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክም በራሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የወንጀል ጉዳይ ነው። ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ አትፈርሙ፣ ባዶ ቼክ አትስጡ፣ ለብድር ብላችሁ የሽያጭ ውል አትፈርሙ። ገብታችሁበት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ክፍያ በባንክ አስተላልፉ፤ ምክንያቱ ላይ "የብድር ክፍያ" ብላችሁ ጻፉ፤ ወረቀታችሁን ይዛችሁም የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

በቴሌግራም "ያለ ዋስ 100,000 ብር እናበድራለን፣ መጀመሪያ 1,500 የማስኬጃ ላኩ" የሚሉትን አበዳሪ አትበሏቸው፤ ሌቦች ናቸው። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅም እንደዚያው።

ለሌላ ሰው ዋስ ስትሆኑ ውሉ ላይ "የአንድነትና የነጠላ ዋስትና" የሚል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥርም በፊደልም መጻፉን ሳታዩ አትፈርሙ።

ዕዳው የሚመለስባቸው ወራት

ሀዋሳ ላይ ዕዳ የሚያገረሽባቸው ጊዜያት ይታወቃሉ፦ መስከረም ከትምህርት ቤት ምዝገባና ከመስቀል ጋር፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ፊቼ ጨምባላላ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ደግሞ ገብርኤልን ሊያነግሥ ከሌላ ከተማ መጥቶ ቤት የሚያድረው እንግዳ። የፊቼን፣ ማለትም የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ቀን አያንቶዎች (የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው ስለሚወስኑት በካላንደር ላይ ቆጥሮ መጠበቅ አይቻልም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የመስከረም ወጪ 12,000 ከሆነ የስልኩ ብድር ባለቀ ወር ነፃ ከወጣው 1,400 ላይ 1,000ውን በየወሩ ለዚያ ለዩ፤ በመቶ 7 ወለድም ቢሆን ባንክ ውስጥ፣ ኤቲኤም በሌለው ደብተር ላይ ቢሆን ይመረጣል። 400ው ለዘመዱ ይሂድ። ወለድ ባይኖረውም ቀን የሌለው ዕዳ ዝምድና ይበላል፤ ትንሽ በትንሽ መከፈሉ ብቻ ብዙ ነገር ያለዝባል።

አሜሪካ ላለ ወንድም ወይም እህት "ለበዓል ትንሽ ላኪልኝ" ከማለት በፊትም አንድ ነገር ይታወቅ። በዚያ አገር የቤተሰቦች የክሬዲት ካርድ ዕዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል፤ የካርዱ ወለድም ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈለ የሚኖር ሰው የሚልክላችሁ ገንዘብ ምናልባት ከካርዱ ላይ የወጣ ነው። የእነርሱን ዕዳ አብዝቶ የእኛን መቀነስ መውጫ አይሆንም፤ ከጠየቃችሁም ለውዱ ዕዳ መዝጊያ አንድ ጊዜ፣ መጠኑን ቆርጣችሁ ጠይቁ።

ብድር ሲያልቅ

የመጨረሻውን ክፍያ የከፈላችሁ ዕለት ሥራው አላለቀም። ከግለሰብ ከሆነ ዋናውን የውል ወረቀት ተቀበሉ፤ ጠፋ ካለ "ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ" የሚል ፊርማና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይጻፍላችሁ። ቼክ ሰጥታችሁ ከነበረ ቼኩ ራሱ ይመለስ። ከማኅበር ወይም ከባንክ ከሆነ ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ዋሶቻችሁም እንዲያውቁት ቅጂውን ስጧቸው። የባጃጅ ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ተይዞ ከነበረ ሰነዱ መመለሱ ብቻ አይበቃም፤ በትራንስፖርት ወይም በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ላይ የተጻፈው እግድ በአበዳሪው ደብዳቤ መነሣት አለበት። ደብዳቤውን ራሳችሁ አድርሱ፣ የገቢ ቁጥሩን ያዙ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እግዱ መነሣቱን አረጋግጡ። ይህን ያላደረገ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ገዢ ይዞ ስም ለማዛወር በሄደ ቀን ነው፤ ገዢ ደግሞ ደብዳቤ እስኪጻፍ አይጠብቅም።